እትዬ ጫልቱ ያነበቧት መስመር

መንግሥትን ማማት ደስ ይላል። አይካድም። የሚያማ ሰው ለጊዜው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ላይ ስለሚወጣ እሱ ከታች እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። በደርግ ዘመን ደግሞ ይህ ደስታ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ ከዘመድም ዘመድ ተመርጦ የሚቀመስ ስለነበር ጣዕሙ ሌላ ነበር። እኔ በበኩሌ ጎፋ ሰፈር ካፈራቻቸው ሐሜተኞች ከፊተኞቹ ነበርኩ ብል ጉራ አይሆንብኝም። ስሜ ያልወጣው ድምፄን ስለምቀንስ ብቻ ነው። ሬዲዮው «ዘንድሮ ምርቱ ተትረፍርፏል» ባለ ቁጥር፣ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለአምስት ኪሎ ጤፍ የተሰለፈውን ሰው እያስታወስኩ በአፍንጫዬ እስቃለሁ። «ይሄን ውሸት ከየት ነው የሚያመጡት?» እላለሁ ለባለቤቴ ለአስቴር። አስቴር ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ ስምምነት እቆጥረው ነበር፤ ገና ያላገባችሁ ይህን ስሕተት ልብ በሉ።

ሥራዬ አስተማሪነት ነበር፣ እዚያው ጎፋ፣ አንደኛ ደረጃ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው እንዳይኖር ተብሎ ዘመቻው ሲታወጅ፣ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወደ ላፍቶ እየሄድኩ ገበሬዎቹን ፊደል እንዳስቆጥር ተመደብኩ። ላፍቶ ያኔ ከዳር እስከ ዳር ማሳ ነው፤ ጭቃውን የማያውቅ ጫማ የለኝም። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ የእጅ ጽሑፌን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አይቶ ወደደልኝና፣ በዚያው የማኅበሩን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ አደረገኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልሞከርኩትም። እውነቱን ለመናገር ኩራትም ቢጤ ተሰምቶኛል።

ቃለ ጉባኤ መያዝ መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ ሰው የሚናገረውን እየሰማሁ እጽፍ ነበራ! ኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። «ተሰብሳቢው በጥልቅ ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተቀበለው» የምትል አንዲት መዝጊያ አለች፤ እሷን ከያዙ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። እያደር እጄ ከመፍታቱ የተነሣ ከስብሰባው በፊት ከቤቴ ጽፌ መምጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ማንም ሳይመጣ ቀረ። ያ ስብሰባም በጋለ ስሜት ተጠናቋል፤ ፋይሉ ውስጥ አለ።

እንዲህ እንዳለን የኮታው ጉዳይ መጣ። እያንዳንዱ ገበሬ ከምርቱ ይህን ያህል ኩንታል፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስገባ ከላይ ተደልድሎ ይላካል። ዋጋው ከገበያው በብዙ ያንሳል፤ ድልድሉን የሚሠራው ሰው ደግሞ አውድማ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። በዚያ ስብሰባ ላይ እትዬ ጫልቱ ተነሡ። እትዬ ጫልቱ ሃምሳዎቹን የጀመሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን በወንድማቸው በሬዎች እያሳረሱ የሚኖሩ፣ ነገር የማያበዙ የላፍቶ ሴት ናቸው።

«ከአውድማ ያገባሁት ሁለት ኩንታል ተኩል ነው» አሉ። «የተጻፈብኝ ሦስት ነው። አንድ ፍሬ ሳልቀምስ ሁሉንም ባስገባ እንኳ ግማሽ ይጎድላል። ያቺን ግማሽ የት እንደምዘራት ንገሩኝ።»

ሰዉ መሳቅ ከጀመረ በኋላ ከጓድ ደምሴ ጎን የተቀመጠውን ካድሬ አየና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ጓድ ደምሴ «ሐሳቡ ይመዝገብ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። መዝጋቢው እንግዲህ እኔ ነኝ። ብዕሬን አነሣሁና እንዲህ ስል መዘገብኩ፦ «ታታሪዋ ገበሬ ጓዲት ጫልቱ ለኮታው ያላቸውን ድጋፍ ገልጸው፣ ከታሰበላቸው በላይ ለማስገባት ዝግጁ መሆናቸውን አረጋግጠዋል።» እትዬ ጫልቱ ያኔ ገና ሀ ሁን ስላልጨረሱ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሩ አተሙበት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከላይ ደብዳቤ መጣ። የሁሉም ሰው ኮታ እንዳለ ሆኖ የእትዬ ጫልቱ ብቻ ወደ አራት ኩንታል ከፍ ብሏል። ሰዉ ግራ ተጋባ። አፋቸውን ስለከፈቱ ተቀጡ ተባለ፤ እሳቸውም እንደዚያ አመኑ። አንዲት ጊደር ነበረቻቸው፤ ሸጧት። በዋጋዋ ሳሪስ ገበያ ወርደው ጤፍ በውድ ገዙና ለመንግሥት በርካሽ አስገቡ። ያን ሰሞን ለአስቴር መንግሥትን ያማሁትን ሐሜት ባትሰሙት ይሻላችኋል። ያን መስመር ግን፣ እመኑኝ፣ ረስቼው ነበር። የሚዋሽ አፍ ይረሳል ይባላል፤ እጅም ለካ ይረሳል። ልዩነቱ እጅ የረሳውን ፋይል ያስታውሰዋል።

እትዬ ጫልቱ ትምህርቱን አልተዉም። እንዲያውም ባሰባቸው። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንደ ትልም ቀጥ አድርገው እየነዱ፣ በጥቂት ወራት ክፍሉን ሁሉ ቀድመው ሄዱ። ጎበዝ ተማሪ ያለው አስተማሪ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያስተማርኳቸው ሳይሆን የወለድኳቸው ያህል ተኮፈስኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንበቢያ አጣን። ይመጣል የተባለው መጽሐፍ አልደረሰም፤ ያለውን ደግሞ በቃላቸው ይዘውታል። ዐይኔ ከአዳራሹ ጥግ ያለው ቁም ሳጥን ላይ ዐረፈ። ከራሴ ጽሑፍ የበለጠ የሚነበብ ምን አለ? የቃለ ጉባኤውን ፋይል አወጣሁና፣ እንዳጋጣሚ ገልጬ፣ እትዬ ጫልቱ ፊት አስቀመጥኩት። ትንሽ ምስጋና ቢጤም ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

«ታ... ታ... ሪዋ ገበሬ...» ብለው ጀመሩ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እሰማለሁ። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ፤ ወረቀት ላይ ስማቸውን ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። «ከ... ታ... ሰበላቸው... በላይ» ላይ ሲደርሱ ነው እኔ የነቃሁት። አላስቆምኳቸውም፤ ምን ብዬ? እስከ አራት ነጥቡ አነበቡት። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና አነበቡት፤ ያልገባችሁን ድገሙት ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

«መምህር፣ ይቺ ጫልቱ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?»

ክፍሉ ሁሉ ያየኛል። ጓድ ደምሴ አዞኝ ነው ብል ሁሉም ያምነኝ ነበር፤ በጓድ ደምሴ ተሳብቦ የማይታመን ነገር አልነበረም። ችግሩ ጓድ ደምሴ አላዘዘኝም። ካድሬውም አላዘዘኝም። ስብሰባው ያለ አንድ የድጋፍ ቃል ቢዘጋ ጎደሎ መስሎ ታይቶኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሐረጉ አምሮኝ ነው የጻፍኩት። አላሉትም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት አልኳቸው።

እትዬ ጫልቱ አልተቆጡም። ጣታቸውንም ከመስመሩ ላይ አላነሡም። «እንግዲያው ጊደሬን የበላች ይቺ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደብተራቸውን አጥፈው ወጡ፤ ተማሪው በሙሉ ተከትሏቸው ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀርቼ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ስጠርግ ራሴን አገኘሁት።

ቤት ገብቼ ለአስቴር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እንድታጽናናኝ ነበር። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠችና፣ «ውሸቱን ከየት ያመጡታል እያልክ ስትጠይቀኝ ከረምህ» አለችኝ። «ይኸው፣ ከአንተ ነው የሚያመጡት።» ከዚያ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ያን ሳምንት ሬዲዮውን መክፈት አፈርኩ።

በማግስቱ እትዬ ጫልቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሽማግሌ ልላክ፣ ደመወዜ ሲመጣም ለጊደሯ የምችለውን ላዋጣ አልኩ። ሽማግሌውም መዋጮውም ይቅር አሉኝ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግመው ይናገራሉ፣ እኔ ደግሞ የሚሉትን እጽፋለሁ። ቀላል ነገር ነው። ሦስት ቀን አላስተኛኝም።

ስብሰባው ደረሰ። ካድሬውም አለ፣ ጓድ ደምሴም አለ፤ ከኋላቸው ደግሞ ማኅበሩ ማይምነትን በማጥፋት ብልጫ አሳይቶ የተሸለመው ባንዲራ ተሰቅሏል። እትዬ ጫልቱ ተነሥተው ሁለት ተኩሉን፣ ሦስቱን፣ አራቱን፣ ጊደሯንም ጨምረው ተናገሩ። እኔም ጻፍኩ፤ ቃል በቃል። አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ያ የተመሰገነ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሰለ። ቀለምና ወረቀት ሲዞር እትዬ ጫልቱ ጣታቸውን አልሰጡም። ከማተማችን በፊት ይነበብልን፣ እንዲያውም እኔ ላንብበው አሉ። ጓድ ደምሴ ሰዓቱ ሄዷል አለ።

«ማንበብ ያስተማራችሁን እንድናነብ አይደለም እንዴ?» አሉት።

ካድሬው ጓድ ደምሴን አየ። ጓድ ደምሴ ባንዲራውን አየ። ሌላ የሚያየው ሲያጣ፣ ይነበብ አለ። እትዬ ጫልቱ ያን የዶሮ ጭረት ሳይደናቀፉ አነበቡና፣ ከሥሩ ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። ጊዜ ፈጀባቸው፤ ማንም አላጣደፋቸውም። ከዚያ የቀረው ገበሬ ተራ በተራ እየመጣ፣ ከፊሉ ስሙን ጻፈ፣ ከፊሉ ጣቱን አተመ። ወረቀቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ጀግና ሆኜ አሳለፍኳቸው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ላንድሮቨር በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር ያለችውን ቦርሳዬን እፈትሻለሁ፤ ጋቢ፣ ካልሲና አንድ ሙሉ ሳሙና አዘጋጅቼበት ነበር። በሁለተኛው ወር ሳሙናውን አጣሁት። የቀበሌው ሳሙና ስላለቀ አስቴር ልብስ አጥባበታለች። «ከወሰዱህ እገዛልሃለሁ» አለችኝ።

አልወሰዱኝም። በምትኩ መልስ መጣ። በቀረበው አቤቱታ መሠረት የእትዬ ጫልቱ ኮታ ከአራት ኩንታል ወደ ሦስት ዝቅ ተደርጓል ይላል። ሦስት። ነገሩ የተጀመረው ከዚሁ ከሦስት መሆኑን እንዳትረሱት። ጊደሯን የሚያነሣም የለም። እኔ ግን ድል የተገኘ ይመስል ደብዳቤውን ይዤ ላፍቶ ድረስ በሩጫ ወጣሁ።

እትዬ ጫልቱ አውድማ ላይ ነበሩ፤ የዘንድሮውን ምርት ነፋስ ጠብቀው ያዘራሉ። እያለከለክሁ ዜናውን ነገርኳቸው። የሰሙ አይመስሉም፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ደብዳቤውን ተቀበሉኝ። ከራሱ ጀምረው አነበቡት፣ ማኅተሙ ውስጥ ያለውን ክብ ጽሑፍ ሳይቀር ወረቀቱን እያዞሩ አነበቡት። ሲጨርሱ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

እኔም ቀኑ የይቅርታ መስሎኝ፣ ከእንግዲህ ያመኑኝ ይሆናል አልኳቸው።

አየት አደረጉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ፊደል ሲሳሳቱ እኔ እሳቸውን የማየውን ዓይነት ነበር።

«ማመኑ ይቅርብህ፣ መምህር» አሉኝ የማዝሪያ መንሻቸውን እያነሡ። «አንተ ጻፍ፣ እኔ አነባለሁ።»