ኖተሪው ያላየው ፊርማ

ልጄ ቤዛ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ኖተሪና ቄስ አንድ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ልጅ መቼም ሲጠይቅ መልሱ የጠፋውን መርጦ ነው። ለካ ትምህርት ቤት ስለ ጥንቱ ሃንጋሪ ተምራ ኖሯል። እዚያ አገር መሬት የሸጠም የተዋዋለም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር አሉ። ካህናቱ ቃሉን ሰምተው ይጽፋሉ፣ ያትማሉ፤ ብራናውንም ለሁለት ቆርጠው ለየወገኑ ይሰጣሉ። ጠብ ሲነሣ ቁራጮቹ ይገጠማሉ። ምን ይገርማል? በእኛስ አገር የርስቱ ቃል በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይሰፍር አልነበር?

እኔም ፊርማ አይቶ የሚያትመው ኖተሪ ፊት የምቀርብበት ቀን መጣ። እናቴ አዲስ አበባ ታማብኝ ልሄድ ነው፤ ቤዛን እዚህ ባሕር ማዶ ለሬይኖልድስበርግ ጎረቤቴ፣ ለወሎዋ እትዬ ዘይነብ አደራ ልሰጥ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ትምህርት ቤቱ ግን ማኅተም የሌለበትን አደራ አላውቅም አለ። ፍላይቴ ደግሞ በማግስቱ ማታ ነው። ጸሎቴን አድርሼ፣ እትዬ ዘይነብ እያዩኝ የአደራውን ወረቀት ቤቴ ውስጥ አሳምሬ ፈረምኩና ሦስታችንም ኖተሪው ወዳለበት ባንክ ሄድን።

የባንክ ወንበር ለምን እንደዚያ ይለሰልሳል? ተራ ስጠብቅ ዓይኔ ከደን አለና ሃንጋሪ ደረስኩ። በረዶው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብዕር ይዘው፣ ልጅሽን ለማን ትሰጫለሽ አሉኝ። ለእትዬ ዘይነብ አልኩ። ክርስቲያን ናቸው? አሉ። ጎረቤቴ ናቸው አልኩ። መነኩሴው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ብዕራቸውን ነክረው፣ ቀስ ብለው «ጎረቤት» ብለው ጻፉ።

ቤዛ ወዘወዘችኝ። ኖተሪው ለጋ ወጣት ነው። ሳይን ስታደርጊ ካላየሁ ስታምፕ አላደርግም አለ። እግዚአብሔር አይቷል አልኩ። ቤዛ ጣራ ጣራውን እያየች ሳትተረጉመው ቀረች። እትዬ ዘይነብም «ወላሂ እኔም አይቻለሁ» አሉ፤ እሱንም አልተረጎመችም። ባንኩ ሊዘጋ ስለሆነ አዲስ ወረቀት ይዤ ነገ እንድመለስ ተነገረኝ።

መኪና ውስጥ እትዬ ዘይነብ፣ «እሱ ካላተመ ልጅቱ ሜዳ ታድራለች ብሎ ነው?» አሉ። ምን ያድርግ፣ አያውቀን አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ እያየ ፈረምኩ። አንዲት መስመር ሳያነብ፣ ልጄን ለማን እንደሰጠሁም ሳይጠይቅ አተመልኝ። የታተመውን ለትምህርት ቤቱ አስረከብኩ። የትናንቱን፣ ያልተቆጠረልኝን ወረቀት ግን በመቀስ እንደ መጋዝ ጥርስ አድርጌ ለሁለት ቆረጥኩትና ግማሹን ለእትዬ ዘይነብ ሰጠኋቸው። ይሄስ ለምንድን ነው አሉኝ። ያኛው ለማያውቁን ነው አልኩና፣ የእኔን ግማሽ ዳዊቴ ውስጥ ከትቼ ሻንጣዬን ዘጋሁ።