ጋሪ የተሳፈረችው ብስክሌት

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ሆሳዕና ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጬ ጎማ የምለጥፍ ሰው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እስካሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ መሀል ላይ ቆሜ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ለመጻፍ የሚገባቸው ሌሎች ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን እነሱ አቶ አጵሎስን አያውቋቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።

ደግሞ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በየሰፈሩ ዕቃ ገዝቶ ዕቃውን ከሥራ የሚያሳርፍ ሰው አይጠፋም። የሶፋውን ላስቲክ ሳይገፍ ልጆቹን የሚድር፣ አዲስ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ በአሮጌው የሚሄድ፣ ቴሌቪዥኑን በዳንቴል ሸፍኖ ዜና ጎረቤት ሄዶ የሚያይ ሰው። ንፉግ ነው እንዳትሉት። ዕቃው እንዳይደክምበት አዝኖለት ነው። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ ክቡር አቶ አጵሎስ ላምቤቦ ናቸው።

ሥራቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊነት ነው። እስክሪብቶ የፈለገ ሠራተኛ ያለቀውን ይዞ ይቀርባል። እሳቸው ወረቀት ላይ ይሞክሩታል፤ ትንሽ መስመር ከወጣው፣ "ይሄ ገና ነው። ወጪ አይሆንም" ብለው ይመልሱታል። "ወጪ አይሆንም" ሲሉ አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ሰው አይከራከራቸውም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ሆሴዕ ብስክሌት ላከላቸው። የተራራ ናት። ጎማዋ ወፍራም፣ ፍሬኗ በአንድ ጣት የሚያዝ፣ ከፊትም ከመሀልም ሾክ ያላት። ድንጋይ ስታገኝ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ትሰምጥና ድንጋዩን ውጣ ታልፋለች። ካርቶኑን ከፍቼ የገጣጠምኳት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር እጄን ነክቶት አያውቅም። አንድ ዙር ልሞክራት ብዬ ኮብልስቶኑ ላይ ብወጣ፣ ፍራሽ አደረገችው።

ሆሴዕ የላካት ለጌጥ አልነበረም። ገጣጥሜ ስጨርስ የአቶ አጵሎስ ስልክ ላውድ ላይ ነበር፤ እኔም ሰማሁ።

"አጵሎስ፣ እንግዲህ መንገዱ መጥፎ ነው የሚባል ነገር የለም። ለያሆዴ አባባ ጋ ትገባለህ።"

"እገባለሁ።"

"አምናም እገባለሁ ብለህ ነበር።"

አባታቸው አባባ ላምቤቦ ሌሞ ውስጥ ባጃጅ የማይደርስበት ቦታ ከልጃቸው ከራሄል ጋር ነው የሚኖሩት። ያሆዴ፣ ያ የመስከረሙ በዓላችን ሲደርስ፣ በእሳቸው ቤት ታላቅ ልጅ ሳይገባ ምርቃት የለም። አምና አቶ አጵሎስ መንገዱን ፈርተው ቀሩ። ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ጠበቋቸው፤ በእንሰትና በቅቤ የተሠራው የበዓሉ ምግብ፣ አታካናው፣ ረግቶ ቀረ። ራሄል በነጋታው ደውላ፣ "ምርቃት ሳይወጣ ዓመቱ ገባ" ብላ ዘጋችው። አቶ አጵሎስ ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲነግሩኝ የብስክሌቷን ካቴና እያዩ ነበር።

እንግዲህ ብስክሌቷ መጣች። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ልብስ ተሰፋላት። ልብስ ሰፊዋ ፈቲያ በሜትር ለክታ፣ "ጋሽ አጵሎስ፣ አንገቷ ይከፈት ይዘጋ?" ብትላቸው፣ በቁም ነገር አስበው፣ "ይዘጋ፣ ብርድ አለ" አሏት። ከውስጥ ብርድ ልብስ፣ ከውጭ ሸራ፣ በጎኑ ዚፕ። ባለቤታቸው ጣቢታ አይታ፣ "እኔ በዝናብ ገበያ ስመላለስ ማን ለካኝ?" ብቻ ብላ ገባች።

ከአስፋልት ውጭ አትነዳም። አስፋልቱም ላይ ውሃ ካቆረ፣ ወርደው ተሸክመዋት ይሻገራሉ። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው ኑሪ አጠገባቸው ቀስ ብሎ፣ "ጋሽ አጵሎስ፣ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው?" አላቸው። እሳቸው ከብስክሌቷ ሥር ሆነው፣ "እሷ ድንጋይ ትችላለች። ግን ለምን እናስቸግራት?" ብለው መለሱ። ይቺን ንግግር በቀን አሥር ጊዜ ይናገሯታል።

ከሁሉ የሚገርመው የሾኩ ጉዳይ ነው። ሾኩን የምትቆልፍ ትንሽ ሰማያዊ መዘውር አለች። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ቆልፈዋታል።

"አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው የተሰጠን" አሉኝ። "ዛሬ አሥሩን ካወጣሁ ለነገ አምስት ቀረ።"

"ጋሼ፣ ይሰምጣል፣ ይመለሳል። አይቀንስም እኮ። ልክ እንደ እስትንፋስ ነው።"

"እስትንፋስም ያልቃል" አሉኝ።

 እኔ ከሰው ጋር ስነጋገር መልሱ የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

የያሆዴ ቀን ጠዋት ሱቄ በር ላይ ጋሪ ቆመ። ጋሪው ላይ ልብሷን የለበሰች፣ ዚፗ የተዘጋ ብስክሌት ተጋድማለች፤ ከሥሯ ገለባ ተነጥፎላታል። አቶ አጵሎስ በሙሉ ልብስ ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ቆመዋል።

"ጎማ ምናልባት ከተበሳ፣ ና አብረን እንሂድ" አሉኝ።

ከመነዳሪ፣ ያው የውስጥ ጎማ፣ እና መንፊያ ይዤ ከባለ ጋሪው ከነስሩ ጎን ወጣሁ። እሳቸው አልወጡም። ነስሩ ዞሮ አያቸው።

"ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ።"

"ይጠብባታል።"

"እኔ ይሄን ፈረስ ስገዛ ሳይክል ያሳፍራል ብሎ የነገረኝ የለም" አለ ነስሩ። "ደግሞ ዝም ያለች ተሳፋሪ ናት፤ ከእርስዎ ትሻላለች።"

እንዲህ ሆነን ወጣን። መንገድ ላይ ለበዓል የሚሄደው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጋሪው ላይ የተሸፈነውን ያይና ሬሳ መስሎት ኮፍያውን ያወልቃል። ከኋላ በእግራቸው የሚመጡትን አቶ አጵሎስን ሲያይ ደግሞ፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ይላቸዋል። እሳቸው፣ "አሜን" ይላሉ፤ ላለማስቀየም።

ሌሞ ስንደርስ ጋሪው ከአንድ ጅረት በላይ ያለው ጫፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ብቻ ትቶታል። ከጅረቱ ማዶ ዳገቱ ላይ እንሰቱና የአባባ ላምቤቦ ቤት ይታያል። አቶ አጵሎስ ብስክሌቷን አወረዱ፣ ልብሷን ገፈው አጣጥፈው ደረታቸው ላይ አሰሩ። ሊሸከሟት ሲጎነበሱ ነስሩ፣ "እዚያ ማዶ ያሉት አባትዎ ናቸው?" አለ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አይተውናል። ተነሡ፣ ከዘራቸውን ያዙና ልጃቸውን ሊቀበሉ ወደ ጅረቱ መውረድ ጀመሩ። የዚያኛው ወገን ከዚህኛው ይብሳል። አንድ እግራቸው ከዳቸው፤ በከዘራው ተደገፉ። እንደገና ወረዱ።

"አባባ፣ እዚያው ይሁኑ" ብለው አቶ አጵሎስ ተጣሩ።

ሽማግሌው አልሰሙም። እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ብለው መውረዳቸውን ቀጠሉ።

አቶ አጵሎስ ብስክሌቷን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ አባታቸውን አዩ። ተሸክመዋት ቢወርዱ አይደርሱም፤ ጥለዋት ቢሮጡ ጉልበታቸው የልጅ ጉልበት አይደለም። ያቺን ሰማያዊ መዘውር አዞሯት። ቀጭ ስትል ሰማሁ።

"ወጪ ይሁን" አሉና ወጡባት።

ቁልቁል ሲሄዱ ያየሁትን እንዴት ልጻፈው? ከአስፋልት ወርዳ የማታውቅ ብስክሌት ድንጋዩን እየዋጠች፣ እየሰመጠች፣ እየተመለሰች ትወርዳለች። ኮታቸው እንደ ድንኳን ተነፍቷል። ነስሩ አጠገቤ፣ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ይላል። የጅረቱን ውሃ ለሁለት ከፍለው ተሻገሩ፤ ዳገቱን እስከቻሉት ረገጡ፤ መርገጥ ሲያቅታቸው ጥለዋት ሮጡ። አዎ፣ ጥለዋት፣ ጭቃ ላይ። የዳገቱ ወገብ ላይ የአባታቸውን ክንድ ያዙ።

እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ሽማግሌው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች እያዩ ነበር።

"መንገዱ እንዴት ነው?" አሏቸው።

አቶ አጵሎስ ፊታቸው ላይ ጭቃ አለ። "ደህና ነው አባባ" አሉ።

"አምና መጥፎ ነበር።"

"አምናም ደህና ነበር።"

ሽማግሌው የልጃቸውን ራስ ዝቅ አድርገው እዚያው ዳገቱ ላይ መረቁ፤ ቤት እስኪደርሱ አልጠበቁም። የሁለት ዓመት ምርቃት ስለሆነ ረጅም ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ከጎን ተቀበልኩ። ሲያበቃ አቶ አጵሎስ ብስክሌቷን አነሡና መሪዋን በሁለት እጃቸው ጫን አደረጉ። ሰመጠች። ለቀቁ፤ ተመለሰች። እንደገና ጫኑ።

"አሥራ አምስቱም አለ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አለ ጋሼ።"

ከሰዓት በኋላ ስንነሣ ሽማግሌው ብርድ ብርድ አላቸው። አቶ አጵሎስ ያንን በብርድ ልብስ የተሰፋ ልብስ ትከሻቸው ላይ ደረቡላቸው፤ ዚፑንም ራሳቸው ዘጉት። በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አቶ አጵሎስ በር ላይ ቆመዋል። ብስክሌቷ ከነጭቃዋ ናት። ጨርቅ ላነሣ ስል፣ "ተወው፣ ጎማውን ብቻ ንፋልኝ" አሉ።

"ወዴት ነው ጋሼ በጠዋቱ?"

"ልብሷን አባባ ጋ ረስቼው መጣሁ። ሄጄ ላምጣው።"

 ይኸኛው መልስ ግን በጊዜው ነበር የመጣልኝ፤ ዋጥኩት እንጂ። ጎማውን ነፋሁላቸው። እሳቸው አስፋልቱን አቋርጠው በኮብልስቶኑ፣ በጉድጓዱ፣ ባቆረው ውሃ መሀል ወደ ሌሞ ነዱ።