ለብርድ አገር የተሠራ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ መልካም ያድርገው።

የአባቴ መኪና ጀርባዬ ላይ ተቀምጣ ወደ ሰበታ ትነዳኝ ነበር። እኔ በአራት እግሬ አስፋልቱ ላይ እሮጣለሁ፤ እሷ ጆሮዬን ይዛ ትጠመዝዛለች። ግራውን ስትጎትት ወደ ግራ፣ ቀኙን ስትጎትት ወደ ቀኝ። ክላክስ ሲያምራት አፍንጫዬን ትጫናለች።

"ፍጠን እንጂ!" አለችኝ። "አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይዘን መድረስ አለብን። አቶ ዘለለው በሰዓት የሚቀልድ ሰው አይወዱም።"

እኔስ መች ጠፋኝ። አቶ ዘለለው የትርሲት አባት ናቸው። ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እሳቸውም "አንዴ እሰማለሁ፣ ሁለተኛ በሬ አይከፈትም" ብለው አስነግረዋል። ሰዓቴን ልመለከት እጄን ቀና አደረግኩ። ሰዓቱ መኪናዋ ጎማ ላይ ታስሮ ነበር።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊሶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሾፌሮች ጠረጴዛ ዘርግተው ቅጣት ይጽፉላቸዋል።

"ወንድሜ፣ በእናትህ አስቀድመኝ" አለ አንዱ ፖሊስ። "ፊሽካዬን ያለ ቦታው ነፍቻለሁ።"

"ሰልፍህን ያዝ!" አለው የሚኒባስ ሾፌር። "ሁሉም ነፍቷል።"

ዳገቱን ስንጀምር ግንባሬ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ቀዩን ነካ።

"ፈላህ" አለች መኪናዋ።

"አልፈላሁም።"

"ከጆሮህ እንፋሎት እየወጣ ነው።"

"እንፋሎት አይደለም፤ እያሰብኩ ነው።"

"እሱማ ነው የሚያፈላህ" አለችና ጆሮዬን ጠምዝዛ ጋራዥ አስገባችኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ መኪኖች ከሥራቸው እየገቡ ይፈቷቸዋል። አለቃው ጋሽ ወርዶፋ ነበሩ። ጋሽ ወርዶፋ ይህችን መኪና ገና ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚጠግኑ መካኒክ ናቸው፤ ከምልካቸው ሦስት ሽማግሌዎችም ዋናው እሳቸው ነበሩ። በሕልሜ ግን ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሱ አሮጌ የጭነት መኪና ሆነዋል። ድምፃቸው ያው ነው።

"መክብብ፣ አፍህን ክፈት" አሉኝና በአንድ መብራታቸው ወደ ውስጥ አዩ። "አዬ ጉድ! ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሏል። ማኪያቶ ሆኗል።"

"በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያስበው?" ሲል አንድ ትንሽ ባጃጅ ጠየቀ።

"ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው" ብላ መኪናዋ አሳበቀችብኝ። "ሲናደድ ደግሞ በሁለቱም።"

"እንግዲያ ይውረድ!" አሉ ጋሽ ወርዶፋ። የተንጋለሉት ሰዎች ሁሉ እጃቸውን አንስተው "ይውረድ! ይውረድ!" ብለው ጮኹ።

"ሞተሩ ይውረድ" የሚለውን ፍርድ በእውኑም ከጋሽ ወርዶፋ ሰምቼዋለሁ። ሞተሩ ከመኪናዋ ተነቅሎ መሬት ላይ ይፈታ ማለታቸው ነው። ከወረደ ለሠርግ ያስቀመጥኩትን ሁሉ ይዞ እንደሚወርድ ስለገባኝ እምቢ አልኩ። ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ ዕቃ መጉደል ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ቴርሞስታት የምትባል፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግታ የምትይዝ የነሐስ በር። ጋሽ ወርዶፋ ከብዙ ዓመት በፊት አውጥተው ጥለዋታል። "ይኼ ለብርድ አገር የተሠራ ነው" አሉኝ። "እዚህ አያስፈልግም።" እኔ ብርድ አገር አሥራ አራት ዓመት ተምሬ የተመለስኩ መሐንዲስ ነኝ። ነገሩ ወደ እኔ የተወረወረ መሰለኝ። አዲስ አስመጣሁና ቅዳሜ ዕለት በገዛ እጄ ገጠምኳት።

በሕልሜ ጋሽ ወርዶፋ በአሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አናቴን ፈቱ። ውስጡ እጃቸውን ሰደው የነሐሷን በር አወጡ።

"ይኸው! ለብርድ አገር ነው።"

"መልሱልኝ!" አልኩ። "አሥራ አራት ዓመት የለፋሁባት ናት!"

"እዚህ አያስፈልግም" አሉና በርሜል ውስጥ ወረወሯት። በርሜሉ እሷን በመሰሉ የነሐስ በሮች ጢም ብሏል። ሁሉም በባዕድ አገር ቋንቋ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

በርሜሉ ውስጥ ገብቼ የኔዋን ስፈልግ ወለሉ ተከፈተና አቶ ዘለለው ሳሎን ወደቅኩ። ሽማግሌዎቼ ሶፋው ላይ ተንፈላሰዋል። አቶ ዘለለው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በገዛ ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል።

"ልጄን ትወስዱልኝ ዘንድ ደጅ ልጠና መጥቻለሁ" አሉ።

"ቁጭ በሉ የሚል አልሰማንም" አለ አንዱ ሽማግሌ። "ይቁሙ።"

"ቆሜያለሁ ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጁ ሊብሬ አለው?"

"አለው" አለች መኪናዋ። እሷም ሶፋው ላይ ነበረች። "ግን የሁለት አገር ነው።"

"እንግዲያ ይቀራል? ወይስ ተመልሶ ይሄዳል?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ይህን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ትርሲት ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። "እቀራለሁ" ልል አፌን ስከፍት እንፋሎት ወጣ። "እሄዳለሁ" ልል ስሞክርም እንፋሎት ወጣ። መስኮቱ ሁሉ በላብ ተሸፈነ።

"ቶሎ መልስ!" አሉ አቶ ዘለለው። "በሩ ሊዘጋ ነው!"

ትርሲት የውሃ ባልዲ ይዛ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

"እንደጋለ እንዳትከፍቱት!" ብላ ጮኸች። "ይበርድ! መጀመሪያ ይበርድ!"

አቶ ዘለለው ግን እርጥብ ጨርቅ አናቴ ላይ ጣል አድርገው ክዳኔን መጠምዘዝ ጀመሩ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ውስጤ አጓራ። ትርሲት ባልዲውን አነሳች። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ነቃሁ። ሰበታ መንገድ ላይ፣ ዳገቱ መሀል፣ መሪዬን እንዳቀፍኩ ነበርኩ። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል፤ ከሥሯ ቡናማ ውሃ ወደ ቦዩ ይፈሳል። መስታወቱን የሚያንኳኩት ጋሽ ወርዶፋ ነበሩ። ጋቢያቸው በጥላሸት ጠቁሯል፤ በመዳፋቸው ቅዳሜ የገጠምኳትን ቴርሞስታት ይዘዋል። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ባጃጅ አጠገብ ቆመዋል።

"ስንት ሰዓት ነው?" አልኩ ደንግጬ። "ሞተሩ በረደ? እንሂድ!"

"የት ነው የምንሄደው? 'እስኪበርድ ጠብቅ' ብለንህ በባጃጅ ሄደን ተመለስን እኮ።"

"ምን አሉ?"

"አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። 'ይቀራል ወይስ ተመልሶ ይሄዳል?'"

"ምን አላችኋቸው?"

"በሽምግልና አይዋሽ ነገር። 'የልቡን አናውቅም' አልናቸው። 'ግን የመኪናውን ሞተር መንገድ ላይ አቃጥሎታል። አሁን ያለ ጥርጥር ይወርዳል። ሲወርድ ደግሞ ለትኬት የሚተርፍ ሳንቲም አይኖረውም።'"

"እሳቸውስ?"

"'ቁጭ በሉ' አሉና! እልልታው እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል። ወይ እንቅልፍ!" በሩን ከፈቱልኝ። "በል አሁን ውረድ።"

"ሞተሩ?"

"አንተ ነህ እንጂ። ውረድና ግፋ።"