ሰይፈ ሚካኤል ሆቴሉን የገመገመ ዕለት

ሌላው የከዚራ ሰፈር ሰው በልቶ ሲያድር፣ ሰይፈ ሚካኤል ለከዚራ ተቆርቁሮ ያድር ነበር። ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ሹመት የማያስፈልገው ታላቅ ሥራ ይዟል፤ ይኸውም መቃወም ነው። የመንገዱን ጥገና ተቃወመ። ጥገናው ሲቆም መቆሙን ተቃወመ። ያ በባቡሩ ዘመን የተሠራ አሮጌ ሆቴል ታድሶ ሊከፈት ነው ሲባልማ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ለተሰበሰቡት ጓደኞቹ፣ "ቅርስ ይታደሳል እንዴ? ቅርስ የተባለው እኮ ስላረጀ ነው" ሲል ታሪካዊ መግለጫ ሰጠ። ንግግሩን ያቋረጠው አልነበረም፤ ግማሹ እንቅልፍ ወስዶት ነበርና።

ሆቴሉ ተከፈተ። ያላዩትን መተቸት ከመርሁ ውጭ ባይሆንም፣ አይቶ መተቸት ይበልጥ ስለሚጥም ሄዶ ሊገመግም ወሰነ። በዚያ ሙቀት ሱፉን ለብሶ፣ ባለሱቁን ጎረቤቱን በድሩን ለምስክርነት አስከትሎ፣ በምሳ ሰዓት ባጃጅ ተሳፈረ።

በሩ ላይ አስተናጋጇ ሳሕራ ጎንበስ ብላ፣ "እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ የት መቀመጥ ይመርጣሉ?" አለችው።

ሰይፈ ሚካኤል ዞሮ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ከበድሩ በቀር ማንም የለም። እኛ ድሬዎች ሰውን እርስዎ የምንለው ወይ ስናኮርፈው ነው፣ ወይ ስናሾፍበት። እሱንም ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጫት ሻጯ ሳይቀሩ "አንተ" እያሉት ነው የሸበተው።

"እኔን ነው?" አላት።

"እርስዎን ነው።"

ሱፉ ደረቱ ላይ ጠበበው።

ውስጥ ሲገባ ወለሉን አበላሽተውታል ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጥንቱ ባለቀለም ንጣፍ ታጥቦ እንደ መስታወት ሲያበራ አገኘው። ተናደደ። ከጣሪያው በተሰቀሉት የባቡር ፋኖሶች ላይ እንከን ፈለገ፤ አጣ። ይባስ ተናደደ።

የምግቡ ዝርዝር በፈረንሳይኛ ነው።

"ምን ይላል?" አለ በድሩ።

"ይህ የኛ የምድር ባቡሮች ቋንቋ ነው፤ ለኔ ተወው" አለ ሰይፈ ሚካኤል። ከቦንዡር ወዲያ አያውቅም። ስሙ የረዘመ ምግብ መጠኑም ይበዛል በሚል ጥናታዊ ግምት፣ ረጅሙን መስመር በጣቱ ጠቆመ።

የመኪና መሪ የሚያክል ነጭ ሳህን መጣ። መሃሉ ላይ አንዲት የምስር ሳምቡሳ ቆማለች። ጎኗ አረንጓዴ ነገር ተሰምሮላታል።

በድሩ ትኩር ብሎ አያት። "ዋላሂ ብቻዋን ናት። ሌሎቹ ይመጣሉ?"

"ዝም በል። ይህ ስም ያለው ምግብ ነው።"

"ስሟንማ አውቃለሁ። ሱቄ በር ላይ ሃሊሞ ትጠብሳታለች።"

ለሁለት ተካፈሏት። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጇ ፋርሂያ መጥታ፣ "እርስዎን የመሰሉ አንጋፋ የከተማችን ሰው አስተያየት ቢሰጡን ክብራችን ነው" አለችው።

ሰይፈ ሚካኤል ለዚህች ቅጽበት ሰንብቶ ተለማምዷል። "ይህ በቅርስ ላይ የተፈጸመ ድፍረት ነው" ብሎ ሊጀምር ተነሣ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የምግቡ መጠን" አለ፣ "ትውልዱን ከሆዳምነት ታድጎ በሥነ ምግባር የሚያንጽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።"

ሳሕራ አጨበጨበች። በድሩ ውሃው ትን አለው።

ሲወጡ በድሩ፣ "አንተ፣ ልትሰድባቸው አልነበር የመጣኸው?" ቢለው፣ "እርስዎ የሚል ሰው እንዴት ብሎ ይሰደባል?" አለ። እውነቱን ነው። ለካ ያ ሁሉ ዓመት የተቆረቆረው ለቅርሱ ሳይሆን፣ አንድ ሰው እስኪያከብረው ነበር። ይህን ለራሱም አልነገረውም።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን የኔነሽን ጠራትና፣ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እርስዎ እባላለሁ" ሲል አወጀ።

የኔነሽ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "መልካም። እርስዎ እንዴት ዋሉ?"

"ደህና። ምሳ አቅርቢ።"

"ምነው ጌታዬ፣ እርስዎ ሆቴል በልተው መጥተው! እርስዎን ለመሰለ ሰው የኛን ባለአብሽ ሑልበት መረቅ ማቅረብስ ነውር ነው። አረፍ ይበሉ።"

ለራሷ ቀድታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዳቦዋን ቆርሳ አጠቀሰች። የመረቁ ሽታ ደረሰው። እንደ ትልቅ ሰው መስኮቱን እያየ ቆየ፤ ሁለተኛ ስትቀዳ ግን ድስቱ ሲንኳኳ ሰማ።

"የኔነሽ።"

"አቤት፣ እርስዎ።"

"በናትሽ፣ አንተ በይኝና አብይኝ።"

"ና፣ እጅህን ታጠብ" አለችው።

ሱፉን እያወለቀ ሮጠ።