ሽማግሌ ያልተላከበት ጦርነት

የሌለ ሰው ማማት እንዴት እንደሚጣፍጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሱስ ሆኖብኛል። ያለ ሰው ሲታማ ወሬው ይደርሰዋል፣ ይቀየማል፣ ቤተ ዘመዱም አብሮ ይቀየማል። የሌለው ግን ምን ይላል? ልቡ ውስጥ ገብታችሁ ለምን እንደከፋ ስትመረምሩ ብትውሉ «እናንተን ማን ጠየቃችሁ?» የሚላችሁ የለም።

እኔ ወረታ ከተማ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ጓደኛዬ አበባው ከከተማው ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል በምትባል ቀበሌ ሩዝ ያመርታል። አብረን ነው የተማርነው። ሁለታችንም ስልካችን ላይ አንድ ጨዋታ አለን፤ ሰይፍና ድግምት፣ ዘንዶ፣ ሰማይ ላይ የተንጠለጠሉ ከተሞች ያሉበት። በዚያ ዓለም ሁለት ኃይሎች ይዋጋሉ። አንዷ የብርሃን ንግሥት ናት። ሌላው እኛ ጽልመት ያልነው፣ ኮከብ የሚበላው፣ የጨዋታው ዋና ክፉ ነው። ለምን እንደከፋ ግን ጨዋታው አይናገርም። ፍንጭ ብቻ ጣል ያደርጋል፤ የተሰበረ ሐውልት ላይ ግማሽ ጽሑፍ፣ አንዲት አሮጊት ነፍሷ ልትወጣ ስትል የምትተነፍሳት ቃል። የቀረውን ተጫዋቹ ይሙላው ነው ነገሩ። እናም የዓለም ሥራ ፈት ሁሉ ቴሌግራም ላይ ተሰብስቦ ይሞላል። እኛም የድርሻችንን እንሞላለን።

የእኔ ቲዎሪ አጭር ነው። ጽልመት ክፉ ነው፤ ስለዚህ ይሙት። ደንበኛ ስለሚጠብቀኝ ነው መሰለኝ ያሳጠርሁት። አበባው ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያስብ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው በመጀመሪያ ጽልመት ብቻ ነበር። ሰፊ፣ ዝም ያለ፣ ማንንም የማይነካ። ብርሃን በእንግድነት መጣች። ማረፊያ ሰጣት። አመስግና መሄድ ሲገባት ኮከቦቿን በላዩ ላይ ዘራችበት። «ታዲያ ኮከብ የሚበላው ርቦት መሰለህ?» ይለኛል። «ማሳውን እያረመ እኮ ነው!»

እስቲ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል?

መዘዙ የመጣው እንግዲህ በአረም ቀን ነው። የአበባው ቤት ወንፈል ጠርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሩዙን ሊያርምለት ወጣ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድሁ። ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው ያሳዝነኛል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ነፋስ ከሌለ ሰማዩ እንዳለ እግራችሁ ሥር ይገባል። ደመና መካከል ጎንበስ ብላችሁ አረም ትነቅላላችሁ። በሁለት የሩዝ እግር መካከል ወፍ ስትበር ታያላችሁ፤ ቀና ስትሉ ያችው ወፍ ከላይ ናት። የትኛው ሰማይ ላይ እንደቆማችሁ ለጊዜው ይጠፋችኋል። እኔ እዚያ ስቆም ደስ የሚል መፍዘዝ ይይዘኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ስለ ብርሃንና ስለ ጨለማ ያላወራ ሰው ሌላ የት ሊያወራ ነው?

እናም አወራን። ክርክሩ ጋለ። አበባው የነቀለውን አረም ወደ ላይ አንሥቶ «ጽልመት ተበድሏል! እኔ በበኩሌ ከጽልመት ጎን ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት አማተቡ። እኔ ልስቅ ስል የሚስቅ ፊት አላገኘሁም።

ወሬው ፀሐይ ሳትገባ አያ ተገኘ ደጅ ደረሰ። አያ ተገኘ የየሺ አባት ናቸው። አበባው ደግሞ የሺን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ይዟል። በዚያ ላይ አያ ተገኘ የአገሩ አስታራቂ ናቸው፤ ደም የተቃባ ሰው እንኳ እሳቸው ፊት ቆሞ ሳይተቃቀፍ አይሄድም። እሳቸውም ቃል ላኩ። ለጨለማ ጥብቅና የሚቆም ሰው ልጄን አያገኝም፣ ሽማግሌም እንዳያደክም አሉ።

አበባው እህል አስጠላው። ጾም ነው እንዳንል ሽሮውንም ተወው። የሺ በበኩሏ መልእክት ጻፈችለት። «ለዚያ ጭራቅ የተሟገትህለትን ያህል ለእኔ ብትሟገት ኖሮ እስካሁን ልጅ ታቅፈን ነበር» ትላለች። ይኼን አንብቦ ጭራሽ ውኃ መጠጣትም ሊተው ሆነ። ስለዚህ አማላጅ ሆኜ እኔ ሄድሁ።

አያ ተገኘን ላሞቻቸውን ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው የውኃውን ጫፍ ይመለከታሉ። ጨዋታ መሆኑን፣ ጽልመት የሚባል ፍጡር የትም እንደሌለ፣ አበባው ቅዳሴ እንደማያስታጉል አስረዳሁ። «ሰይጣን ነው ወይ?» ይሉኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላሉኝም።

«አባቱ ማነው?» አሉኝ።

«አይታወቅም።»

«የሷስ፣ የብርሃኗ?»

«የሷም አይታወቅም።»

«እንግዲያስ የአንድ አባት ልጆች ናቸው» ብለው ፈረዱ። ባዳ እንዲህ አይጣላም፤ ባዳ ተጣልቶ ይራራቃል አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። የተጣሉት የመሬት ወሰናቸውን ውኃ ወስዶባቸው ነው አሉኝ። ጎርፍ ሲሸሽ የምልክቱ ድንጋይ ጠፍቶ፣ እሱም እሷም «የእኔ እስከዚህ ነው» ብለው ነው። ስንቱን ወንድማማች በዚሁ ነገር አስታርቀዋል መሰላችሁ! የዓለም ሥራ ፈት ሁሉ ተሰብስቦ ይህን አላሰበውም።

«ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚዋጉ?»

«ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ፣ አያ።»

«ሽማግሌ ተልኳል?»

ቆጠርሁላቸው። ስንት ጀግና ተልኳል፤ ስንት ጠንቋይ፣ ስንት ዘንዶ ተልኳል። ሽማግሌ ግን አልተላከም።

አያ ተገኘ ብድግ አሉ። ከልባቸው ነው የተቆጡ። «ይኸን ሁሉ ዘመን? ኮከብ እስኪያልቅ ድረስ? ምን ዓይነት ሰው የሌለበት አገር ነው!» አሉ። «አበባው ለተበደለ መቆሙን አልጠላሁም፣ ነገር ግን ከአንድ ወገን ሆኖ ጮኾ መተው የወንድ ሥራ አይደለም። ሂድና ንገረው፤ አስታርቆ ይምጣ። ይኸው ነው ቃሌ» አሉኝ።

ጨዋታው ማስታረቂያ የለውም፣ ያለው ሰይፍና እሳት ብቻ ነው ብዬ ተለማመጥሁ። ሰይፉን ማስቀመጥ ይከለክላል ወይ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አይከለክልም።

መቼም ፍቅር የማያደርገው የለም። አበባው ሰይፉን ጣለ። ጥሩሩን፣ የብረት ልብሱን፣ አወለቀ። ባዶ እጁን የጽልመት ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። የእኛ አገር ሽማግሌ የልጅቷ አባት ቤት ሲሄድ «ተቀመጡ» እስኪባል እንደሚቆመው ነው የቆመው። ጽልመት በእሳት አነደደው። ተነሥቶ ተመልሶ ሄደና ቆመ። አሁንም አነደደው። ቴሌግራም ላይ ያሉት አበደ አሉት። እሱ ግን በቃ ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ከማሳ ሲመለስ ይቃጠላል፣ ምሳውን በልቶ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ስልኩን ይዘን አያ ተገኘ ግቢ ሄድን። ሦስታችንም አንዲት ትንሽ መስኮት ላይ ጎነበስን። ጥቁር ሰማይ፣ የተበሉ ኮከቦች፣ በመካከሉ ባዶ እጁን የቆመ ትንሽ ሰው። ጽልመት እጁን አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ኔትወርኩ ይሁን ልቡ እንጃ፣ እሳቱን ሳይለቅ ብዙ ቆየ። አያ ተገኘ ትንፋሻቸውን ያዙ። «ተቀመጥ ሊለው ነው» አሉ በሹክሹክታ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አመንሁ። ከዚያ እሳቱ መጣ። ሦስታችንም እኩል ተነፈስን።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ከማሳው በኩል ደረሱ። በሬው ሩዙ ውስጥ ገብቶ ሲረመርመው ሽማግሌው ሰውዬ ስልክ ላይ አፍጠዋል! ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። በሬው ተነሣ፣ የአምናው በሬ ተነሣ፣ የሠርጋቸው ቀን የተረሳው ነገር ሳይቀር ተነሣ። አያ ተገኘ ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አንድ ቃል አልመለሱም። እትዬ ዘውዴ ጨርሰው በሬውን ሊያስወጡ ሄዱ።

አያ ተገኘ ቀስ ብለው ወደ አበባው ዞሩ።

«ሽማግሌህን ላክ» አሉት።

አበባው ግራ ገባው። «አባቴ፣ አልታረቁም እኮ» አለ።

«እነሱን ተዋቸው» አሉ፤ ዱላቸውን ሲያነሡ ወደ ማሳው ገልመጥ እያሉ። «የሺ ቁርጥ እናቷን ናት። አንተ ብቻ አቋቋሙን እንዳትረሳው።»