የመምህር ዘውዱ ስፒከሮች

ስፒከር ሲያንፏቅቅ የሚውል ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰመራ ላይ መምህር ዘውዱ አለልኝ። ሁለቱን ስፒከሮቹን በሜትር እየለካ ወር ሙሉ ሳሎኑን አዞራቸው። እኔን ሶፋ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁ ይረብሻል ብሎ ቬንትሌተሩን ያጠፋል። በሰመራ ሙቀት! «አሁንስ?» ይለኛል። ላቤን እየጠረግሁ «ግሩም ነው» እላለሁ። እሱ ግን «ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የለም፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው» ብሎ መዶሻ አነሳ።

ባለቤቱ ደንግጣ አጠገባችን ሎጊያ ከተማ ጋራዥ ለሚሠራው ለመካኒኩ ሁሴን ደወለች። «ቤቴ ሳይፈርስ ድረስልኝ!»

ሁሴን መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «መምህር፣ አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙን ያጠፋፉታል። የአንደኛው ገመድ ተገልብጦ ነው የታሰረው» አለና፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ቀዩንና ጥቁሩን አቀያየረ።

ቤዙ ወለሉን አንቀጠቀጠው! ተማሪ ፊት ፈገግ የማይለው መምህር ዘውዱ ሁሴንን አቅፎ ሲጨፍር፣ ባለቤቱ እልልታዋን አቀለጠችው።