አባቷ ያልታወቀ መኪና

ሌላ ሰው ያታለለው አልቅሶ ይወጣለታል፤ ራሱን ያታለለ ግን ምክንያት ሲደረድር ዕድሜውን ይጨርሳል። ይኸው እኔ ስንት ዘመን አለፈኝ፣ ዛሬም በቅሎዬን በመኪና መለወጤ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሚስቴ በሌለችበት ማለቴ ነው።

ዘመኑ የጣልያን ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ጨውና በርበሬ እነግድ ነበር። ወለላ የምትባል በቅሎም ነበረችኝ። በቅሎ ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ነው። ሰጋር ነበረች፤ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዞ ከይፋግ ደብረ ታቦር ድረስ ቢጋልቧት ጠብታ አይፈስም ይባልላት ነበር። ይህን ያወራው ሰው ጠላውን መንገድ ላይ ጠጥቶት እንደሆነ አላውቅም። ወለላ ያደገችው ጉና ሥር፣ አማቴ ባላምባራስ ይርዳው ግቢ ነው። ልጃቸውን ውድነሽን ሲድሩልኝ አስቀምጠው የላኳት በእሷ ላይ ነው፤ በቅሎዪቱንም በዚያው መርቀው ሰጡን። እንግዲህ በቅሎዪቱ የእኔ ነበረች ስል ምን ያህል የእኔ እንደነበረች አንባቢ ይገምት።

ታዲያ ምን ጎደለህ አትሉኝም? የጣልያን ጦር አዛዥ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነበረችው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ለእሽቅድድም የተሠራች ነች ይሉ ነበር። እኔ በወለላ ስመጣ ከመቀመጫው ብድግ ይል የነበረው ገበያ ሁሉ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። አንድ ቀን አጠገቤ ስታልፍ አቧራዋን አጎረሰችኝ። ሌላው ሰው ተራገመ፤ እኔ ቀናሁ። አዛዡ ከነመኪናው ወደ ጎንደር ሲዛወር ከተማው በሙሉ ተገላገልን ሲል እኔን ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ማርዮ የሚባል ጣልያን መካኒክ ነበር፤ ከአማርኛችን ግማሹን፣ ከበርበሬያችን ሁሉን የለመደ። ይህ ሰው ከተሰበሩ የመንግሥት ካሚዮኖች ሞተርና ጎማ እየነቀለ፣ በርሜል እየቀጠቀጠ፣ የአዛዡን መኪና የምትመስል ሌላ ቀይ መኪና በጓሮው ገጣጥሞ ነበር። ከማንም መዝገብ አልገባችም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ይህችንም ቢጠይቋት የአዛዡ መኪና አክስቴ ናት ማለቷ አይቀርም። እኔ እንደሆንሁ ዘሯን አልጠየቅሁም። ቀይ ነበረች፤ በቃኝ።

ማርዮ ወለላን ባየ ቁጥር ይቁለጨለጭ ነበር። በዚህ አገር መንገድ ከመኪና በቅሎ ትሻላለች አለኝ። መካኒክ ስለ መኪና ሲመሰክር መስማት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሞኝ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለውጡንም በዚያው ዕለት ጨረስን።

ስንረካከብ ኮርቻውን ለቀቅሁለትና ልጓሙን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት። ማርዮ ገርሞት ይህ ለምን ይቀራል ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንደ መምህር ተኮፍሼ አስረዳሁት፦ በእኛ ቤት ከብት ሲሸጥ ማሰሪያው አይሸጥም፣ አብሮ ከሄደ በረከቱን ይዞ ይሄዳል። ማርዮ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ወደ መኪናዪቱ አፍንጫ ሄደና ሞተሩን አስነስቶልኝ ማኖቬላዋን፣ ያን ሞተሩን እያዞረ የሚያስነሳውን ብረት፣ መዝዞ ትከሻው ላይ ጣለው።

አንጀቴን በላው። ባዕድ ሆኖ ወጋችንን እንዲህ ማክበሩ እንዴት ያለ ጨዋነት ነው ብዬ እጅ ነሣሁት። ፍሬኗ ትንሽ ሰነፍ እንደሆነ ነገረኝና ተሰነባበትን።

ማኖቬላ የሌላት መኪና የምትነሳው ቁልቁል ሲገፏት ብቻ እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ውድነሽ ደግሞ ነገሩ የገባት በዚያው ምሽት ነው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ከአባቷ ቤት በበቅሎ መጥታ በርሜል ላይ እንደማትቀመጥ ነግራኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ ጉና ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የቆጡ በርሜል፣ የብብቱ ሚስት ይሆናል ብዬ መቼ አሰብሁ?

ጎረቤት ሁሉ ሽማግሌ ላክ አለኝ። ወጉም እሱ ነው። እኔ ግን ማልሁ፦ ሚስቴን በዚያችው መኪና ካላመጣሁ ወንድ አይደለሁም አልሁ። ጉና ሽቅብ ነው ቢሉኝ በሬ አለ አልሁ። በሳምንቱ ጥማድ በሬ ተዋስሁ። ባለበሬው ከፊት እየመራ፣ እኔ ነጭ ጋቢ ለብሼ መሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጣልያን ባስጠረገው መንገድ ስንንፏቀቅ ዋልን። በየመንደሩ የሚሰበሰበውን ሰው አልነግራችሁም። አንድ መነኩሴ ከጣራ ገዳም መጥተው ሲያልፉ ቆመው አዩኝና፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ብለውኝ ሄዱ። የሐዘን ሰላምታ መሆኑን ኋላ ነው ያሰብሁት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስሁ። ባላምባራስ ደጃቸው ላይ ቆመው በሬዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ «ማረሻውን የት ጣልኸው?» አሉኝ። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። በረከቱ ከቤታችን እንዳልወጣ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ያመጣሁትን ልጓም አሳየኋቸው። እሳቸው በከዘራቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙኝ። ወለላ የተበጠሰ ገመድ አንገቷ ላይ እያንጠለጠለች ገብስ ትበላለች። ማርዮ ልጓም ቢያጣ በካሚዮን ገመድ አስሯት ኖሮ፣ በጥሳ ከመጣች ሦስት ቀኗ ነበር።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች ሲባል እሰማ ነበር አሉ ባላምባራስ። ይህችስ በጥሳ ቤቷ ገባች፤ በራስህ ያሳጠርኸው አንተ ነህ አሉኝ። «እውነትዎን ነው» አልሁ።

ውድነሽ ከጓዳ ወጣች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ መኪናም ገበያም ቅናትም ከልቤ ወጣ፤ አልመለስም ካለች እንዴት አድርጌ ያንን ቤት ብቻዬን እንደምገባ ብቻ አሰብሁ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ልጓሙን ተቀበለችኝና ፍርዷን ሰጠች፦ ነገ እሷ በበቅሎዋ፣ እኔ በመኪናዬ ወደ ቤት እንድንሄድ። እኔ ቀድሜ ከደረስሁ ስለ በቅሎ ዳግመኛ ላታነሳ፤ እሷ ከቀደመች ግን መኪናዪቱ ደጃፋችንን ላትረግጥ።

ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንገዱ እኮ ቁልቁል ነው!

በማግስቱ የገፉኝ ራሳቸው ባላምባራስ ናቸው። አማት አማቹን ከግቢው ሲያስወጣ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጨሰ፣ ተነሳ። ወለላን ገና በመጀመሪያው ቁልቁለት አልፌያት ሄድሁ። አቧራዬን አጎረስኋት። የአዛዡ መኪና እንኳ እንዲህ አልሮጠችም፤ በዚያች ሰዓት ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም።

ደብረ ታቦር ገባሁ። ቤቴ ታየኝ። ፍሬኑን ረገጥሁ። ፍሬኑ ሰነፍ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ደጃፌን ቀድሜ ደረስሁ፤ ደጃፌንም ቀድሜ አለፍሁ። ጎረቤት እጁን ሲያውለበልብ እኔም አውለበለብሁ፤ ምን ላድርግ? ቁልቁለቱ ገበያውን አሳልፎ ወስዶኝ ማርዮ ግቢ ውስጥ ካለ የጭድ ክምር ጋር አላተመኝ። በቅሎዪቱ ወዳደገችበት ተመልሳ ነበር፤ መኪናዪቱም ወደ ተወለደችበት ተመለሰች።

ማርዮ ወጥቶ ከኋላዬ በቅሎ ፈለገ። በቅሎዪቱ የት እንዳለች ነገርሁት። ለማን ይክሰሰኝ? የካሚዮኖቹን ሞተር ማን እንደነቀለ ሊጠየቅ ነው? እኔም ሽቅብ የሚገፋኝ ጉልበት አልነበረኝም። ተያይተን ሳቅን፤ ለውጡም በዚያው ፈረሰ። ወግ ወግ ነውና፣ ከመሄዴ በፊት የመኪናዪቱን መሪ ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት።

ቤት ስደርስ ወለላ በረንዳው ሥር ታስራ ቆማለች። ውድነሽን፣ ቀድሜ የደረስሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር እንደሆነ ተከራከርኋት። ማለፍ መድረስ አይደለም አለችኝ።

መሪው ዛሬም ከልጓሙ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ገብቶ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ሚስቴ ትቀድመኛለች።

«የባለቤቴ መኪና ነው» ትላለች፤ «የቀረው ገና መንገድ ላይ ነው።»